ያልጠየቅሁት ፖርት

ሥራዬን ያስረከብሁት በሁለት ቀን ነው። ሰርቨሩን፣ የክፍሉን ቁልፎች፣ የይለፍ ቃላቱን የያዘውን የታሸገ ፖስታ፣ በመጨረሻም በሰርቨሩ ላይ ክፍት የሆኑትን ፖርቶች የሚዘረዝረውን መዝገብ ተራ በተራ እየቆጠርሁ ሰጠሁ። የተረከበችኝ ባለሙያ ጠንቃቃ ሰው ናት፤ መዝገቡን መስመር በመስመር አነበበችው። በቀይ ከተጻፈ አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። «7040፤ በስህተት ተዘጋ» ይላል።

«ጋሼ፣ የተዘጋ ፖርት በክፍቶቹ ዝርዝር ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ሥርዓት አዋቂ ነኝ የምል ሰው፣ ያለ ቦታው የተቀመጠ መስመር በመዝገቤ ውስጥ ለዓመታት አኑሬአለሁ። በቃል ልመልስላት ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ እነሆ ጻፍሁት።

በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ሒሳብ ነው። እንደ ተመረቅሁ ደምበጫ ተመድቤ አስተማርሁ፤ ከዚያም ኮምፒውተር የሚባል ነገር ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች መግባት ሲጀምር፣ «ሒሳብ የተማረ ሰው ያውቀዋል» ተብሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርሁ። አላውቀውም ነበር። ደመወዙ ከመምህርነቱ እምብዛም አይበልጥም፤ የዝውውር ደብዳቤዬም ከእኔ አንድ ወር ዘግይቶ ደረሰ። የመጀመሪያው ኃላፊዬ ብርድ እንዳይመታው በማለት ኮምፒውተሩን በክር ሥራ ልብስ ሸፍነው ያኖሩት ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በማሽኑ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ በወረቀት ታትሞ በሣጥን ካልተቀመጠ አያምኑም። በሁለቱም አልፈርድም፤ ያላዩትን ነገር እንዲያስተዳድሩ የተሾሙ ሰዎች ነበሩ።

የገበሬው የመሬት ይዞታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ሲጀምር፣ መሥሪያ ቤታችን በሊኑክስ የሚሠራ አንድ ሰርቨር አገኘ። ከሰርቨሩም ጋር አቶ ላቀው መጡ። ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል የሚበልጡ፣ ዕድሜአቸውን በስልክ ሥራ ያሳለፉ፣ ረጅምና ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ስለ ፖርት የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ፖርት ማለት ሰርቨሩ ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣን ጥሪ የሚቀበልበት፣ በቁጥር የሚለይ በር ነው። ደብዳቤ የሚቀበለው በአንዱ ቁጥር ነው፤ ድረ ገጽ የሚያሳየው በሌላ። ከበሩ በስተጀርባ ሁልጊዜ ጥሪውን የሚያዳምጥ አንድ ፕሮግራም አለ። የማይታወቅ ፖርት ክፍት ሆኖ ሲገኝ የማይታወቅ ፕሮግራም እያዳመጠ ነው ማለት ስለሆነ፣ ሳይመረመር አይታለፍም።

አቶ ላቀው ምርመራውን ያስተማሩኝ እንደ ቅኔ መምህር ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ኔትስታት በሚባለው ትእዛዝ የሚያዳምጡትን ፖርቶች ሁሉ ማውጣት፤ ከእነዚያም ለሰርቨሩ ለራሱ ብቻ የሚያዳምጡትን ለውጭ ከተከፈቱት መለየት። ቀጥሎ ከፖርቱ ጀርባ ያለውን ፕሮግራም በመለያ ቁጥሩ መያዝ፣ ከየትኛው ፋይል እንደ ተነሣ፣ በማን ስም እንደሚሠራ፣ መቼ እንደ ጀመረ ማየት። ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ተቀምጦ ፖርቱ ከውጭ በእርግጥ ይመልስ እንደ ሆነ መሞከር፤ ሰርቨሩ ስለ ራሱ የሚናገረውን ብቻ ማመን አይገባምና። እስከዚህ ያለውን ከእርሳቸው ፈጥኜ እሠራው ጀመር። የመጨረሻውን ደረጃ ግን አልወደድሁትም። የመጨረሻው ደረጃ ስልክ መደወል ነበር።

«እንደምን አደርህ ጥበቡ? ዝናቡ እንዴት ነው እናንተ ዘንድ? አባትህ መሪጌታስ? ጉልበታቸውን ተሻላቸው?» ይላሉ፣ ደብረ ወርቅ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ላለው መዝጋቢ ሲደውሉ። በሬው፣ የልጁ ክርስትና፣ የጤፉ ዋግ ሁሉ ይነሣል። እኔ ሰዓቴን እያየሁ እቆማለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንዲያው አንዲት ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነበር» ይላሉ።

አንድ ቀን አልታገሥ አልሁ። «ጋሽ ላቀው፣ በዚህ ሁሉ ሰላምታ ጊዜ ትእዛዙ አምስት ጊዜ ይነግርዎ ነበር» አልኋቸው።

«ትእዛዙ የትኛው በር እንደ ተከፈተ ይነግረኛል። ለምን እንደ ተከፈተ የሚነግረኝ ሰው ነው። ሰው ደግሞ ሰላም ሳትለው አይነግርህም።» ሣቅ አሉ። «አንተ እኮ ሒሳብ ተምረህ ተበላሽተሃል፤ ኤክስን ካገኘህ በኋላ ማን ነህ፣ ከወዴት ነህ ብለህ አትጠይቀውም።»

«ያልታወቀ ፖርት» የሚለውን አነጋገር አይወዱም ነበር። «ያልጠየቅነው ፖርት» ይሉ ነበር። ጠርዙ በተበላ ደብተር ላይ በእርሳስ የሚጽፉት የፖርቱን ቁጥርና የአንድ ሰው ስም እንጂ የፕሮግራሙን ስም አልነበረም። ያን ደብተር እንደ ልማድ ብቻ አየው ነበር። እኔ በኮምፒውተር የተሠራ፣ ዓምዶቹ የተስተካከሉ፣ የራሴ ሠንጠረዥ ነበረኝ።

አቶ ላቀው ጡረታ ሊወጡ ወር ሲቀራቸው እኔ ለሥልጠና ባሕር ዳር ነበርሁ። ስመለስ ወጥተዋል። በዓመቱ ዐረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ። ደብተራቸው ከእኔ ወንበር ጀርባ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። አላነበብሁትም።

ከእርሳቸው ሞት በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ከበላይ አካል «በሰርቨሮች ላይ ያሉ ያልታወቁ ፖርቶች ተጣርተው ይዘጉ» የሚል መመሪያ ደረሰን። ማጣራቱን በአንድ ቀን ጨረስሁ። ሁሉም ከሠንጠረዤ ጋር ገጠሙ፤ ከአንዱ በቀር። 7040 ክፍት ነበር፤ ለውጭም ይመልሳል። ከጀርባው ያለው ፕሮግራም ከሥርዓቱ ጋር የመጣ አልነበረም፤ በእጅ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ነው። ጥሪው የሚመጣው ከደብረ ወርቅ ኮምፒውተር ነው። የሚቀበለውንም ሁሉ ላኪው ካተመበት ሰዓት ጋር በአንድ ፋይል ይጽፋል።

ፋይሉን ከፍቼ ሰዓቶቹን አየሁ። ከፊሎቹ የጠዋት ነበሩ። ከፊሎቹ ግን 02:45፣ 03:20፣ 04:10 ይላሉ። ኮምፒውተር ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነውና፣ 03:20 ማለት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት በዚያ ሰዓት ዝግ ነው።

በነዚያው ሳምንታት መሥሪያ ቤቱ የደረሰው አንድ አቤቱታ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ድንበራቸውን ተስማምተው እንዳስተካከሉ መዝገቡ ያሳያል፤ ታላቅዬው ግን «አልተስማማሁም፣ ጣቴንም ለአሻራ አላነሣሁም» ብሎ ከሰሰ። የዚያን ድንበር ለውጥ በፋይሉ ውስጥ ፈለግሁት። ሰዓቱ 03:20 ይላል።

እዚህ ላይ የሠራሁትን በቅደም ተከተል መናገር ይገባኛል። ፖርቱን ወዲያው ዘጋሁ፤ ፕሮግራሙንም አቆምሁ። ማስረጃ እንዲሆን ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ ዋናውን ከሰርቨሩ አጠፋሁ። ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት በፋይሉ ላይ ያስቀመጠው ምልክት በግልበጣው ሰዓት ተተካ፤ ያ ምልክት ቢኖር ከውስጡ ካለው ሰዓት ጋር ስድስት ሰዓት እንደሚለያይ ያሳየኝ ነበር። ከዚያም ለኃላፊው ደብዳቤ ጻፍሁ። «ባልተፈቀደ ፖርት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በሌሊት፣ የይዞታ ድንበር ተለውጦ ተገኝቷል፤ ጥሪው የመጣው አቶ ጥበቡ ከሚሠሩበት ኮምፒውተር ነው» ይላል። አንድም የቃል ግድፈት የለበትም።

በማግሥቱ ጥበቡ ስልክ ደወለ። ጸሐፊዋ ተቀበለችው። «መስመሩ አልሄድ ብሎኛል ይላል፤ እርስዎን ነው የሚፈልገው» አለችኝ።

«የለም በዪው» አልሁ። ጉዳዩ እየተጣራ ነውና ከተጠርጣሪ ጋር መነጋገር አይገባም ብዬ ነው። ሦስት ጊዜ ደወለ። ሦስቱንም ጊዜ የለም ተባለ።

ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ደብረ ወርቅ ሄዶ ሕዝቡን ምስክር ቢጠይቅም የተናገረ አልተገኘም። የጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ «ሌሊት ሰው አልገባም» ቢልም፣ ተኝቶ ሊሆን ይችላል ተባለ። ጥበቡ ከሥራ ተሰናበተ፤ የወንድማማቾቹም ድንበር ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በእኛ አገር ድንበር ገፋ መባል ሰረቀ ከመባል ይከፋል። ሌባ ንስሐ ሊገባ ይችላል፤ ድንበር ገፊ ግን ልጁ ሳይቀር በዚያ ስም ይጠራል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ያን ጊዜ እውነት የያዝሁ መስሎኝ ስለነበር ነው ያልከበደኝ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። የደብረ ወርቁ ኮምፒውተር አርጅቶ ሊለወጥ ስለሆነ፣ አዲሱን ይዤ በሚኒባስ ሄድሁ። በጥበቡ ቦታ የተተካችው መዝጋቢ ተቀብላ ወንበር ሰጠችኝ። ማሽኑን ከማጥፋቴ በፊት እንደ ልማዴ ሰዓቱን አነጻጸርሁ። የእጅ ሰዓቴ አራት ሰዓት ከአምስት ይላል። በማሽኑም ጥግ ላይ ያለው 4:05 ይላል። አንድ ደቂቃ እንኳ አይዛነፍም። ለቅጽበት ያህል «ጎሽ» አልሁ በልቤ፤ በሚገባ የተያዘ ማሽን ነው።

ከዚያ ቁጥሩን እንደ ገና አየሁት። የእጅ ሰዓቴ በእኛ አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ 10:05 ሊል ይገባው ነበር።

መዝጋቢዋ እጄን ቁልፎቹ ላይ ስታይ «ሰዓቱን ይቀይሩታል እንዴ? ባይነኩት ጥሩ ነበር» አለች።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ጥበቡ ነው። ለገበሬው የሚሰጠው ወረቀት ላይ ሰዓት ይታተማል። በፊት ዘጠኝ ሰዓት ተመዘገበ የሚል ወረቀት ሲያዩ፣ በዘጠኝ ሰዓት እኔ ቤቴ ነበርሁ፣ በስሜ ማን ፈረመ እያሉ ይጣሉ ነበር። እርሱ በአገሩ ሰዓት አደረገውና ጭቅጭቁ ቀረ።»

ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ቁም ሣጥኑን ከፈትሁ። በአቶ ላቀው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘሁ፦ «7040፤ ጥበቡ፣ ደብረ ወርቅ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ የዕለቱን ምዝገባ በዚህ ይልካል። ሰዓቱ የአገሩ ነው።»

ግልባጩን እንደ ገና አየሁ። ከ02:30 በፊት አንድም መስመር የለም፤ ከ11:30 በኋላም የለም። በየቀኑ ከ06:30 እስከ 07:30 ባዶ ነው፤ የምሳ ሰዓት። ከዓመታት መምህርነት በኋላ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያየውን ሥርዓት ከፊቴ ተዘርግቶ አላየሁትም። የምፈልገውን አግኝቼ ነበርና መፈለግ አቁሜአለሁ።

ለኃላፊው ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። ጠሩኝ።

«አቶ መኳንንት፣ ይህ የተዘጋ ፋይል ነው። አሁን ቢከፈት ማን ይጠቀማል?»

«ጥበቡ።»

«ጥበቡ ሉማሜ ሻይ ቤት ከፍቶ በሰላም ይኖራል። የሚጎዳው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱም መጀመሪያ እርስዎ።»

«ልጎዳ» አልሁ። ይህን ያልሁት በጀግንነት አይደለም፤ ሌላ የምለው አጥቼ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሉማሜ ወረድሁ። ሻይ ቤቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። ጥበቡ ትሪ ይዞ ከበሩ ሲወጣ ተገናኘን። ጠቁሮና ከስቶ ነበር። ትሪውን አስቀመጠና ወንበር ጎተተልኝ።

«ሻይ ላምጣልዎ ጋሽ መኳንንት፣ ወይስ መጀመሪያ በደብዳቤ ልጠይቅዎ?»

የሚገባኝን ነው የተናገረኝ። ሻዩን አመጣ። ስለ ሰዓቱ የደረስሁበትን ሁሉ ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«በኮሚቴው ፊት ለምን አልተናገርህም? ሰዓቱ የአገር ሰዓት ነው ብትል ኖሮ።»

«የትኛው ሰዓት?» አለ። «ወረቀቱን መቼ አሳዩኝ? ሌሊት ገብተሃል አሉኝ፤ አልገባሁም አልሁ። ሌሊት ድንበር ቀይረሃል አሉኝ፤ አልቀየርሁም አልሁ። ማስረጃው ምንድን ነው ብል፣ የባለሙያ ማስረጃ ነው፣ አንተ አይገባህም አሉኝ። ባለሙያው እርስዎ እንደ ሆኑ ስለማውቅ ነበር የደወልሁልዎ።»

 

«መሪጌታስ እንዴት ናቸው?» አልሁት። አቶ ላቀው ሁልጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቁትን እኔ በመጨረሻ ጠየቅሁ።

«ባለፈው ሁዳዴ ዐረፉ» አለ። «ወሬውን ከሰሙ በኋላ ማኅሌት አልቆሙም። ማንም አትቁሙ አላላቸውም፤ ራሳቸው ቀሩ። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ብዋሻቸውስ ብለው ፈርተው ይሆናል።»

 

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን እስኪያነሣ ድረስ ብዙ ወራት ሄደ። ለእኔ ተግሣጽ ተጻፈልኝ፤ ተገቢ ነበር። ጥበቡ ወደ ሥራው እንዲመለስ ተፈቀደለት፤ አልተመለሰም። ደብዳቤውን ሉማሜ ድረስ ወስጄ ስሰጠው ሁለት ጊዜ አነበበውና መልሶ ሰጠኝ።

«ይህን እኔማ አውቀዋለሁ» አለ። «የማያውቁት እነዚያ ናቸው። ድንበር ገፊ የተባልሁት ደብረ ወርቅ ነው፤ አባቴም የተቀበሩት እዚያ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እርስዎ ራስዎ ያንብቡልኝ። ሰዓቱንም በአገሩ አቆጣጠር ይናገሩት፤ እንዲገባቸው።»

ሄድሁ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አንድ ቄስ ሕዝቡን አስቀመጡና «እኒህ ሰው የሚናገሩት አላቸው» አሉ። ከዋርካው ሥር ቆሜ አነበብሁ። ደብዳቤው አጭር ስለ ነበር በቃሌ ጨመርሁበት፤ ፖርት ምን እንደ ሆነ፣ በዚያ በኩል ይላክ የነበረው ምን እንደ ሆነ፣ ሰዓቱን ማን አሳስቶ እንዳነበበው። «ሌሊት የተባለው ሐሰት ነው፤ ስህተቱ የእኔ ነው» አልሁ። «የወንድማማቾቹ ድንበር የተመዘገበው በዕለተ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከሃያ፣ በሥራ ሰዓት ነው።»

 ጥበቡ ከወንዶቹ ዳር፣ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ መሬት እያየ ቆሟል። ታላቅዬው ወንድም ከዚያ ይኑር አይኑር አላውቅም። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። አያ እንየው ይሏቸዋል፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤት አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው።

«ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው የሚሉት?» አሉኝ።

«አዎን፣ አባቴ።»

«የጊደር ገበያ የዋለ ለት? ማክሰኞ?»

«እርሱኑ ዕለት።»

«በሦስት ሰዓትማ እኔም እዚያው ነበርሁ። የግብር ወረቀት ላወጣ ተሰልፌ። ሁለቱም ወንድማማቾች ከፊቴ ነበሩ፤ ሁለቱም ጣታቸውን አነሡ። ታላቅዬው ቀለሙን በሱሪው ሲጠርግ አይቼ ሥቄበታለሁ።»

ጥበቡ ቀና አለ።

«አያ፣ ታዲያ ኮሚቴው እዚህ መጥቶ ምስክር ሲጠይቅ ለምን ዝም አሉ?» አልኋቸው።

ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ጥበቡን አዩት።

«ሌሊት ነው አላችሁን» አሉ። «ሌሊት ያየ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁን። ሌሊት እኔ ቤቴ ነበርሁ። ያላየሁትን ነገር እንዴት ልመስክር?»